ከላም እስከ ቅቤ፦ የአየርላንድ ገጠር መንገዶች ለምን እንዲያ ሆኑ?

ደቡብ ምዕራብ አየርላንድ ውስጥ፣ ኮርክና ኬሪ የሚባሉት አውራጃዎች የሚዋሰኑበት ኮረብታማ ገጠር አለ። ሽሊቭ ሉኽራ ይባላል። በአይሪሽ ቋንቋ «የቄጠማ ተራራ» እንደማለት ነው። ስሙ እንደሚያሳብቅበት፣ ረግረግ የበዛበት አገር ነው። እዚያ መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ እንግዳ መጀመሪያ የሚገርመው የመንገዶቹ አለመመሳሰል ነው።

አንደኛው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ኮረብታ ሲገጥመው አይዞርም። ደረቱን ሰጥቶ ሽቅብ ይወጣና በወዲያኛው በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ሌላው ያለ ምንም ምክንያት የሚጠማዘዝ ጠባብ መንገድ ነው። ሁለት መኪና አያሳልፍም። አስፋልቱ መሀል ላይ ሣር በቅሎበታል፤ ጎማ የሚረግጠው ግራና ቀኙን ብቻ ስለሆነ መሀሉ ለሣሩ ቀርቷል። ጥጉ ላይ አንድ መጠጥ ቤት አለ፣ ምናልባትም ከተዘጋ የቆየ። ከሱ ትይዩ ከድንጋይ በተሠራች ትንሽ ዋሻ ውስጥ የእመቤታችን ሐውልት ቆማለች። የአቅጣጫ ምልክቱ በሁለት ቋንቋ ተጽፏል።

«ይህን መንገድ ያወጣው ሰውዬ ጠጥቶ ነበር እንዴ?» ያስብላል።

አልጠጣም። ችግሩ አንድ ሰው አለመሆኑ ነው። አንዱን መንገድ ከብት አወጣው፣ ሌላውን የቅቤ ነጋዴ፣ ሌላውን አመፅ የፈራ መንግሥት፣ ሌላውን ረሃብ። መካከላቸው ብዙ መቶ ዓመት አለ። መስቀለኛው መንገድ እነዚህ ሰዎች ሳይተዋወቁ የተገናኙበት ቦታ ነው። ጠማማው አብዛኛውን ጊዜ ከቀጥታው ይበልጣል በዕድሜ፤ ግን ይህ ደንብ የሚያታልልበት ቦታም አለ፣ እንደርስበታለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በላም የተለካ መንገድ

ሮማውያን አየርላንድን ገዝተው አያውቁም። ስለዚህ እንግሊዝና ፈረንሳይ ውስጥ እንደምናየው ዓይነት፣ ቀጥ ያለ የሮማ ጦር መንገድ እዚያ የለም። መንገድ የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በአይሪሽ መንገድ «ቦኸር» ነው። «ቦ» ማለት ደግሞ ላም። መንገድ ማለት በነሱ ቋንቋ የላም ነገር ነው ማለት ነው።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። በ908 የሞተው ኮርማክ፣ የካሸል ንጉሥም ጳጳስም የነበረ ሰው፣ ከስሙ ጋር የሚያያዝ አንድ የድሮ የቃላት መፍቻ አለ። መንገዶችን በየደረጃቸው ይዘረዝራል። ትልቁ ዓይነት ሁለት ሠረገላ የሚተላለፍበት ነው፤ የንጉሡ ሠረገላና የጳጳሱ ሠረገላ ሲገናኙ አንዱ ለአንዱ ቆሞ ማሳለፍ እንዳይኖርበት። ለካ የትራፊክ ቅድሚያ ጣጣ ያኔም ነበር። «ቦኸር» ግን የሚለካው በሁለት ላም ነው፦ አንዷ በቁመት፣ አንዷ በወርድ ስትቆም የሚበቃ ስፋት።

ለምን አንዷ በወርድ? መፍቻው ራሱ ምክንያቱን ይነግረናል። ጥጃው ወይም ወይፈኑ ከእናቱ ጎን መሄድ አለበት። ከኋላዋ ከሆነ የምትከተለው ላም ትወጋዋለች። ከብት የነዳ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። አንድ የመንገድ ስፋት መመሪያ ጥጃ እንዳይወጋ ታስቦ መውጣቱ ግን ስለዚያ ዘመን ብዙ ይናገራል። ሀብት የሚቆጠረው በከብት ነበር። ዋጋም ካሳም በላም ይሰላ ነበር። መንገዱስ በምን ይለካ?

መንገድ ሦስት ጊዜ ይጸዳ እንደነበርም ያው መፍቻ ይናገራል፦ ለፈረስ ግልቢያ፣ ለክረምት፣ ለጦርነት። ቅደም ተከተሉ ደስ ይላል።

ትንሹ ቦኸር «ቦሪን» ይባላል፤ «መንገዲት» እንደማለት። ዛሬም እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር አይሪሽ መሀሏ ሣር የበቀለባትን ጠባብ መንገድ በዚሁ ስም ነው የሚጠራት። ብዙዎቹ ቦሪኖች ወደ ተራራ የሚወጡ ናቸው። ድሮ በበጋ ከብቱ ከመንደር ወጥቶ ተራራ ላይ ይከርም ነበር። ወጣቶች አብረው ወጥተው ጎጆ ሠርተው ያልባሉ፣ ቅቤ ያወጣሉ። ላም ደግሞ አቀበት በቀጥታ አትወጣም፤ እየዞረች፣ እርጥቡን እየሸሸች፣ ደረቁን እየመረጠች ነው የምትወጣው። የመንገዱ ጥምዝምዝ የላሟ ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው የመጠማዘዝ ምክንያት ድንበር ነው። አየርላንድ ከ60 ሺህ በላይ በሆኑ ጥቃቅን ቀበሌዎች የተከፋፈለች ናት። ቀበሌ ስል የአስተዳደር ቢሮ ያለው እንዳይመስላችሁ። ጥቂት እርሻ የያዘ፣ ስም ያለው ቁራሽ መሬት ነው። ወሰኑ ጅረት ወይም የአፈር ክትር ይሆናል። መንገድ በወሰን ላይ ከሄደ የማንም ማሳ አይቆረጥም። ዕድሜ ለመገመት ከሚረዱ ዘዴዎች ደግሞ አንዱ ይኸው ነው። ካርታ ላይ የቀበሌው ወሰን መንገዱን ተከትሎ ከሄደ፣ መንገዱ የወሰኑ እኩያ ወይም ታላቅ ነው፤ ወሰን የሚሰምር ሰው ያገኘውን መስመር ነው የሚጠቀመው። መንገዱ ወሰኑን ልክ እንደሌለ ቆጥሮ አቋርጦት ካለፈ ግን በኋላ የመጣ ነው።

ረግረጉን ማን አሻገራቸው?

የአየርላንድ መሬት ከስድስት እጅ አንዱ ያህል አተላ አፈር ነው፤ ሲደርቅ የሚነድ፣ ሲረጥብ የሚውጥ ጥቁር ረግረግ። ላምም ሠረገላም ይሰምጥበታል። መፍትሔው ሁለት ነበር።

አንደኛው ተፈጥሮ የሠራችው ነው። ከበረዶ ዘመን ግግር ሥር ይፈስ የነበረ ውኃ ጠጠርና አሸዋ እየተወ ሄደ። በረዶው ሲቀልጥ ጠጠሩ እንደ ረጅም ጀርባ ሜዳው ላይ ቀረ። እንዲህ ያለው ጉብታ «ኤስከር» ይባላል። የዓለም ጂኦሎጂስቶች ሁሉ የሚጠቀሙበት ይህ ቃል ከአይሪሽ የተወሰደ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አገሩን የሚያቋርጠው ጥንታዊው «ታላቁ መንገድ» በእንዲህ ያለ ደረቅ ጉብታ ላይ ነበር የሚሄደው። ጉብታው ከሻነን ወንዝ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ በ6ኛው መቶ ዘመን ክሎንማክኖይዝ የተባለው ገዳም ተተከለ። መነኮሳቱ ጸጥታ ፈልገው በረሃ ወረዱ ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። የሰፈሩት ግን የየብስና የወንዝ መንገድ የሚተላለፍበት የአገሪቱ ዋና መስቀለኛ ላይ ነበር። በ804 ገደማ ከቦታው ወንዙን የሚያሻግር ትልቅ የኦክ ድልድይ ተሠርቷል። ቅሪቱ ከወንዙ ወለል ተገኝቷል።

ሁለተኛው መፍትሔ እንጨት ነው። በሎንግፎርድ አውራጃ ኮርሊያ በሚባል ቦታ በ1984 ለማገዶ የሚሆን አተላ በማሽን ሲቆረጥ ከሥር የእንጨት መንገድ ወጣ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን ሊቅ በባሪ ራፍተሪ መሪነት ተቆፈረ። ከሥር ሁለት ረድፍ ግንድ በቁመት ተዘርግቷል፤ በላዩ የተፈለጠ የኦክ ሳንቃ በወርድ ተነጥፏል። እያንዳንዱ ሳንቃ ከ3 እስከ 4 ሜትር ነው። ዳር ዳሩ ላይ ቀዳዳ አለ፣ በቀዳዳውም ችካል ገብቶ ከረግረጉ ጋር ቸንክሮታል። የእንጨቱ የዕድሜ ቀለበት ተቆጥሮ ዛፎቹ የተቆረጡት በ148 ዓመተ ዓለም፣ ቢዘገይ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ መሆኑ ታወቀ። ከዚህ በላይ ምን ትክክለኛ ቀን ይፈለጋል?

የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው፦ ያን ያህል የኦክ ዛፍ ወድቆ፣ ያን ያህል ሰው ለፍቶ፣ መንገዱ ከተሠራ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በክብደቱ ሰጥሞ ጠፋ። ዛሬ የምናየው በመስጠሙ ነው። አየር ስላልደረሰው አልበሰበሰም። 18 ሜትር ያህሉ እርጥበቱ በሚጠበቅ አዳራሽ ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል።

የቦታ ስሞችም መሬት ላይ የጠፋውን መንገድ ይጠቁማሉ። «ቶኸር» የሚል ስም ባለበት አንድ ጊዜ የረግረግ መሻገሪያ ነበር። የደብሊን የአይሪሽ ስም «የርብራብ መሻገሪያ ከተማ» ማለት ነው፤ ሰው ወንዙን የሚሻገረው ረግረጉ ላይ በተነጠፈ የቅርንጫፍ ርብራብ ነበርና። ድሮይዳ ደግሞ «የመሻገሪያው ድልድይ» ነው። በእግር ይሻገሩት የነበረውን ቦታ በኋላ ድልድይ እንደተሠራበት ስሙ ብቻውን ይነግረናል።

የሚወስነው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ

ወደ ቀጥታው መንገድ እንመለስ። እሱን ለመረዳት ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የወጣ ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ በዓመት ስድስት ቀን ያለ ክፍያ መንገድ እንዲጠግን ያስገድድ ነበር። በግዳጅ የሚሠራ ሰው እንዴት እንደሚሠራ መገመት ነው። በ1765 ይህ ተሻረና ሥራው በገንዘብ ሆነ። ኃላፊነቱ የወደቀው በየአውራጃው ባለው «ግራንድ ጁሪ» ላይ ነው። ስሙ የፍርድ ቤት ቢመስልም፣ በተግባር በዓመት ሁለቴ እየተሰበሰበ የአውራጃውን ግብር የሚመድብ የባለርስቶች ሸንጎ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው «ከዚህ እስከዚያ መንገድ ይሠራ» ብሎ ያቀርባል። ሸንጎው ካጸደቀለት በራሱ ወጪ ያሠራል። ሲጨርስ በመሐላ አረጋግጦ ገንዘቡን ይቀበላል። ገንዘቡ ከየት? ከአካባቢው ግብር። ግብሩን ማን ይከፍላል? መሬቱን የያዘው ጢሰኛ። የሚወስነው ባለርስት፣ የሚከፍለው ጢሰኛ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ባለርስቱ ወፍጮ፣ ወደ ባለርስቱ ገበያ የሚወስዱ መንገዶች በዙ። ያረጀው የሕዝብ መንገድ በግቢያቸው ሥር የሚያልፍባቸው ደግሞ ዘወር አደረጉት። ዛሬ በገጠር ስትነዱ መንገዱ ድንገት ዘጠና ዲግሪ ታጥፎ ረጅም የድንጋይ አጥር ተከትሎ ከዞረ በኋላ ወደ ቀድሞ አቅጣጫው ከተመለሰ፣ ከአጥሩ ጀርባ አንድ ጊዜ ትልቅ ቤት ነበር ብላችሁ ብትወራረዱ ብዙም አትከስሩ።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን፣ መንገዶቹ ጥሩ ነበሩ። በ1770ዎቹ አገሩን የዞረው እንግሊዛዊው የእርሻ ሊቅ አርተር ያንግ የአየርላንድን መንገዶች ከአገሩ መንገዶች አስበልጦ አድንቋል። ሙስና ጥሩ መንገድ አይሠራም ያለው ማን ነው? ለማን ይሠራል ነው ጥያቄው። ሥርዓቱ እስከ 1898 ቆይቶ ሥልጣኑ ለተመረጡ የአውራጃ ምክር ቤቶች ተላለፈ።

በሽሊቭ ሉኽራ ግን ከሁሉም የሚታወሰው የቅቤ መንገድ ነው። የኬሪ ገጠር ሀብቱ ወተት ነው። ወተት ሩቅ አይሄድም፤ ቅቤ ይሄዳል። ገዢው ደግሞ ኮርክ ከተማ ነው። በ1748 ካስልአይላንድ ከምትባለው የኬሪ ከተማ የመጣ ጆን መርፊ የተባለ ሰው ኮንትራት ወስዶ በሚልስትሪት በኩል ወደ ኮርክ የሚወስደውን መንገድ ሠራ። በየኬላው ቀረጥ እየተከፈለ የሚታለፍ ነበር። ቀጥ ያለው እሱ ነው። ያ ትውልድ የሚያስበው ርቀት ማሳጠርን ብቻ ነበር። አቀበቱ የፈረሱ ችግር ነው።

ቅቤው ጨው ተጨምሮበት ወደ 25 ኪሎ ገደማ በሚይዝ የእንጨት በርሜል ይታሸጋል። ከዚያ በፊት በፈረስ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ አንዳንድ በርሜል ተጭኖ ነበር የሚጓዘው። መንገዱ ሲመጣ ጋሪ ገባ። ጋሪ ነጂዎቹ ብቻቸውን አይሄዱም፤ ሲመለሱ ኪሳቸው ገንዘብ ስለሚኖረው በቡድን ሆነው ነው። ኮርክ ሲደርሱ ፈታሹ ረጅም መሰርሰሪያ በርሜሉ ውስጥ እስከ ታች ይሰድና ያወጣዋል። በመሰርሰሪያው ጎድጎዳ ተጣብቆ የወጣውን ቅቤ አይቶ፣ አሽትቶ፣ ቀምሶ ደረጃ ይሰጠዋል። ከላይ ጥሩውን፣ ከሥር መናኛውን የጠቀጠቀ እዚያ ይጋለጣል። በዚህ ጥብቅነት ስም ያተረፈው የኮርክ ቅቤ ገበያ በ19ኛው መቶ ዘመን በዓለም ትልቁ ሆነ። በርሜሎቹ በመርከብ እስከ ካሪቢያን ደሴቶች ይላኩ ነበር። ዛሬ ያ የዓለም ንግድ ያለፈበት መንገድ በብዙ ቦታ ትራክተርና የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚመላለስበት ጸጥ ያለ የገጠር መንገድ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ዘመን የርቀት ምልክት ድንጋዮች የሚቆጥሩት በአይሪሽ ማይል ነው። አንድ የአይሪሽ ማይል ሁለት ኪሎ ሜትር ከትንሽ ይሆናል፤ ከእንግሊዙ ማይል በሩብ ከፍ ያለ። 11 የአይሪሽ ማይል 14 የእንግሊዝ ማይል ነው። ስለዚህ አንድ ያረጀ ድንጋይ «11» ብሎ ዘመናዊ ካርታ «14» ቢል ድንጋዩ አልዋሸም።

አመፅ ያወጣው፣ ረሃብ ያወጣው

በ1820ዎቹ መጀመሪያ የሽሊቭ ሉኽራ ተራሮች የመንግሥት ራስ ምታት ሆኑ። በኪራይና በአሥራት የተማረሩ ገበሬዎች ሌሊት ተነስተው ይመታሉ፣ ንጋት ላይ ወታደር ጋሪውን ይዞ ሊከተል ወደማይችልበት ረግረግ ይገባሉ። በዚያ ላይ በ1822 የምግብ እጥረት መጣ። መንግሥት ሁለቱንም በአንድ ድንጋይ ልምታ አለ፦ ለሰዉ ሥራ፣ ለወታደሩ መንገድ። ሪቻርድ ግሪፊት የተባለው መሐንዲስ ተላከ። ቀደም ሲል ደብሊን አጠገብ ያሉት የዊክሎ ተራሮች ላይም ከ1798ቱ አመፅ በኋላ ይኸው ተደርጓል፤ «የጦሩ መንገድ» እስካሁን በዚያው ስሙ ይጠራል።

ደንቡ የሚያታልለው እዚህ ጋ ነው። የግሪፊት መንገዶች ቀጥ ያሉ አይደሉም። እሱ ርቀትን ሳይሆን ዝንባሌን ነበር የሚለካው፤ የተጫነ ጋሪ ሳይቆም የሚወጣው አቀበት እንዲሆን ተራራውን እየታከከ ቀስ ብሎ ይዞራል። ስለዚህ መጠማዘዝ ሁለት ዓይነት ነው። የላሟ መታጠፊያ ድንገተኛና ቁጡ ነው፣ ስፋቱም ይለዋወጣል። የመሐንዲሱ መታጠፊያ ሰፊና የለዘበ ነው፣ ስፋቱ አይለወጥም፣ ከዳር የውኃ መውረጃ ቦይ አለው። መሪ ይዞ የሚነዳ ሰው ልዩነቱን በእጁ ያውቀዋል።

ከዚያ በ1845 የድንቹ በሽታ መጣ። ሰዉ የሚበላው አጣ። መንግሥት ያለ ሥራ እህል መስጠት ስንፍና ያስተምራል የሚል እምነት ነበረው፤ ስለዚህ በ1846 መገባደጃ የተራበው ሕዝብ ድንጋይ እንዲፈልጥ ተደረገ። በመጋቢት 1847 በዚህ ሥራ ላይ የነበረው ሰው ከ700 ሺህ በላይ ነው። ሥራው ለየትኛውም ግለሰብ የተለየ ጥቅም እንዳይሰጥ ተብሎም ነበር። ውጤቱ ማንም የማይፈልገው መንገድ ሆነ። አንዳንዱ ገንዘቡ ሲቆም ረግረግ መሀል ቆሞ ቀረ። በረሃብ የዛለ ሰው በክረምት ብርድ ድንጋይ ሲያነሳ ውሎ የሚያገኘው ክፍያ የሰማይ ርቀት ያህል የወጣውን የእህል ዋጋ አይደርስበትም። ብዙዎች እዚያው መንገዱ ላይ ሞቱ። በ1847 ጸደይ ሥራው ተዘግቶ የሾርባ ማዕድ ተከፈተ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን። ዛሬ አየርላንድ ውስጥ የተተወ መንገድ ሁሉ «የረሃብ መንገድ» ይባላል። ሁሉም አይደለም። ብዙው አተላ ለማውጣት ወይም ከብት ለማውጣት የተሠራ ነው። ለማጣራት ቀላሉ መንገድ የድሮ ካርታ ነው። በ1824 የተጀመረው የመንግሥት የካርታ ሥራ በ1846 አገሩን ሁሉ አዳርሷል፤ ማለትም ረሃቡ ገና ሲጀምር። አንድ መንገድ በዚያ የመጀመሪያ ካርታ ላይ ካለ የረሃቡ መንገድ ሊሆን አይችልም። እነዚህ ካርታዎች ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ይታያሉ። እያንዳንዷ ቦሪን፣ እያንዳንዷ ጎጆ አለችበት። ከዚያ በኋላ ከወጣው ካርታ ጋር አስተያዩት፤ መንገዱ አለ፣ ጎጆዎቹ የሉም።

መስቀለኛው ላይ የሚሆነው

መንገዶቹ ሲተላለፉ ምን ተፈጠረ? በመጀመሪያ፣ መጠጥ ቤት። ይህ የሆነው ሰው ስለሚያልፍ ብቻ አይደለም፣ ሕጉም ረድቶታል። ከሰዓት ውጭ መሸጥ ቢከለከልም ለ«እውነተኛ መንገደኛ» ግን ይፈቀድ ነበር። መንገደኛ ማለት ካደረበት ቤት ቢያንስ ሦስት ማይል የተጓዘ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ የዚህኛው መንደር ሰዎች ወደዚያኛው፣ የዚያኛው ወደዚህኛው ሦስት ማይል ተጉዘው «መንገደኛ» ይሆናሉ። ከከተማ ሦስት ማይል አለፍ ብሎ መስቀለኛ ላይ የቆመ መጠጥ ቤት ወርቅ ነው። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ1960 ነው።

ቀጥሎ የወተት ማሰባሰቢያው መጣ። ከ1889 ጀምሮ ገበሬዎች በማኅበር የሚያቋቁሟቸው የወተት ቤቶች ሲስፋፉ ብዙዎቹ መስቀለኛ ላይ ተተከሉ። ጠዋት ጠዋት በአህያ ጋሪ ወተት የጫነ ሁሉ እዚያ ይሰለፋል። ወረፋው ረጅም ነው፣ ወሬውም እንዲሁ። የቤት ቅቤ ያኔ ቀረ፣ የኮርክ ገበያም ቀስ በቀስ አከተመለት።

እሁድ ከሰዓት ደግሞ ጭፈራ ነበር። ሽሊቭ ሉኽራ ፖልካና ስላይድ በሚባሉ የጭፈራ ዜማዎቹ የታወቀ ነው። ከ1887 እስከ 1963 የኖረው የቫዮሊን መምህር ፖድሪክ ኦኪፍ ከመደበኛ አስተማሪነቱ ወጥቶ በእነዚህ መንገዶች በእግሩ ከቤት ቤት እየዞረ ልጆችን ያስተምር ነበር። መንገዱ በጠጠር ስለተሞላ መስቀለኛው ላይ ሳንቃ ይነጠፋል፣ አኮርዲዮን ይመጣል። ቄሶች አልወደዱትም። በ1935 የጭፈራ ቦታ ፈቃድ ይኑረው የሚል ሕግ ወጣ። ሕጉ የሚናገረው ስለታጠረ ቦታ ነበር፤ ክፍት መንገድ ውስጡ አይገባም። ነገር ግን በተግባር ቄሱና ፖሊሱ ለመበተን ተጠቀሙበት። መሪው ኤሞን ዴ ቫሌራ በመጋቢት 17 ቀን 1943 በራዲዮ ንግግሩ «መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚጨፍሩ ቆንጆዎች» ብሎ ተናገረ እየተባለ እስካሁን ይቀለድበታል። አላለም። ቆነጃጅቱ አሉ፣ መስቀለኛ መንገዱ ግን ንግግሩ ውስጥ የለም።

ሙታንም እዚህ ድርሻ አላቸው። በዌክስፎርድ አውራጃ ኪልሞር አካባቢ የቀብር ሰልፍ መንገድ ላይ ቆሞ ትንሽ የእንጨት መስቀል እሾሃማ ዛፍ ላይ የመተው ልማድ አለ። ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ደግሞ በቤተ ክርስቲያን መሬት ስለማይቀበሩ፣ ወላጆች በጨለማ ወስደው ከወሰን ዳር፣ ከድሮ ፍርስራሽ፣ አንዳንዴም ከመስቀለኛ መንገድ አጠገብ ይቀብሯቸው ነበር። የማንም ያልሆነ መሬት ለማንም ላልሆነ ሕፃን። ብዙዎቹ ቦታዎች ምልክት የላቸውም።

ከሁሉም በላይ ግን መስቀለኛ መንገድ መንገድ የሚጠየቅበት ነው። ነሐሴ 22 ቀን 1922፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ እየጋመ ሳለ፣ የመንግሥት ጦር አዛዡ ማይክል ኮሊንስ በትውልድ አገሩ ምዕራብ ኮርክ ይዘዋወር ነበር። ተቃዋሚዎቹ መንገዶችን ቆፍረው ድልድይ አፍርሰው ስለነበር አጃቢዎቹ ዋናውን መንገድ መያዝ አልቻሉም። ጠዋት ቤል ና ብላ ከምትባል መስቀለኛ ደርሰው መጠጥ ቤቱ ደጅ የቆመውን ሰውዬ አቅጣጫ ጠየቁት። አሳያቸው። ሰውዬው የተቃዋሚዎቹ ዘብ ነበር። ማታ በዚያው መንገድ ሲመለሱ አድፍጠው ጠበቋቸው፤ ኮሊንስ ተገደለ። ሁሉም መንገድ ክፍት ቢሆን ኖሮ በዚያ ቦሪን ሁለቴ ባላለፈ።

ዛሬ መንገድ የሚጠይቅ ቀንሷል። እስከ 2015 ድረስ አገሩ በሙሉ የሚሠራበት የፖስታ ኮድ አልነበረውም። ከሦስት አድራሻ አንድ ያህሉ ከሌላ ቤት ጋር ይመሳሰል ነበር፦ ያው ቀበሌ፣ ያው የአባት ስም። ፖስተኛው ሰዎቹን በመልካቸው ነበር የሚለያቸው። አሁን ቤቱ ሁሉ የራሱ ኮድ አለው።

የቀረው ጣጣ ፍጥነት ነው። ለሁለት ላም የተለካ መንገድ ላይ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት መንዳት ሕጋዊ ሆኖ ኖረ። በየካቲት 2025 ለገጠር አነስተኛ መንገዶች ወደ 60 ወረደ። መሐንዲሶች ደግሞ አደገኛ መስቀለኞችን «እያናጉ» ነው። ከአራቱ ክንድ አንዱን ጥቂት አሥር ሜትሮች ገፋ አድርገው ያጥፉታል፤ ያኔ ማንም ሳያይ በቀጥታ ማቋረጥ አይችልም፣ የግድ ታጥፎ መግባት አለበት። አንዱ ባለ አራት ክንድ መስቀለኛ ሁለት ባለ ሦስት ክንድ መገናኛ ይሆናል። የተተወችው የድሮ መንገድ ቁራሽ ከጎን ትቀራለች፤ ጥቂት ሜትር አስፋልት፣ መግቢያም መውጫም የሌላት። መጀመሪያ ትራክተር ይቆምባታል። ከዚያ መሀሏ ላይ ሣር ይበቅላል።